ትከሻ የነካው እጅ

ፌብሩዋሪ 3

ዛሬ የብላዤይ ስም ቀን፣ ስሙን የወሰደበት ቅዱስ የሚከበርበት። እንደ ልማዱ የአባቱን የፕሪም አረቄ በማዕድን ውሃ ጠርሙስ ይዞ መጣ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው ከአንዲት ትንሽ ብርጭቆ ተራ በተራ ቀመሰ። እኔ ጋ ሲደርስ፣

«አሰልጣኝ፣ ለእርስዎ ግማሽ ነው። ዳኛ ሲሰድቡ አፍዎ ይሸታል።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የበረዶ ሆኪ ቡድኔ አምበል። ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል፤ ግን አሁንም ከሁሉም ቀድሞ በረዶው ላይ የሚወጣው እሱ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ የበረዶ ጫማ ማሰር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ «እርስዎ» ይለኛል። «አንተ በለኝ» ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ታላቁ። ብርጭቆ አጋጭቶ መጨባበጥ ብቻ ነው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ እለዋለሁ ብያለሁ። አምናም ብዬ ነበር…

ማታ የጥቅል ጎመን ሾርባ። ሦስተኛ ቀኑ። ራድካ አልደወለችም። ልጄ የምትደውለው እሁድ ነው፤ ዛሬ እሁድ አይደለም።

ፌብሩዋሪ 19

አራት ለአንድ ተሸነፍን፣ በገዛ ሜዳችን። የሊጉ ጭራ ላይ ነን።

ይህ ደብተር ከፊት በኩል የልምምድ ነው፤ መስመርና ቀስት ብቻ። ከኋላ በኩል ገልብጬ ይህን እጽፋለሁ። ሚስቴ ሄድቪጋ ጥላኝ ከመሄዷ በፊት «ቬንዶ፣ ከሰው ጋር ካላወራህ ለግድግዳ አውራ» ብላኝ ነበር። ግድግዳ ይሰማል ይባላል፤ ወረቀት ይሻላል።

አሥራ ስምንት ዓመት ተጫወትኩ። እዚሁ ቦሮቪና፣ ከዚያ የጦሩ ቡድን፣ ፊንላንድ አራት ዓመት፣ ጀርመን ሁለት። የላይኛው ጥርሴ አራቱ የእኔ አይደሉም። ከዚያ አሰልጣኝነት፣ ሃያ ሰባት ዓመት። ሄድቪጋ «ሆኪ ሁለተኛ ሚስቱ ነው» ሲሏት «ተሳስታችኋል፣ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ» ትል ነበር። ሰው ሲስቅ እኔም እስቅ ነበር። እሷ ግን እየሳቀች አልነበረም። ዛሬ ነው የገባኝ? ቆይቷል መሰለኝ።

ማርች 8

መጨረሻ ወጣን። አሁን ከታችኛው ሊግ አንደኛ ከሆነው ከሉካቫ ጋር ሰባት ጨዋታ። ቀድሞ አራት ያሸነፈ ላይ ይቀራል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። ሃያ ሁለት ዓመት ወርደን አናውቅም።

የክለቡ ፕሬዚዳንት ክላችኮ መጣ። የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት ነው፤ ኮቱ ላይ ሁሌም መጋዝ ብናኝ አለ። «ቬንዴሊን፣ ከወረድን እኔ እንጨት ሻጭ ብቻ ነኝ። አንተ ግን ምን ትሆናለህ?» አለኝ። ብናኙን እያራገፈ ወጣ።

ማርች 25

ሦስት ለሦስት። ሰባተኛው ከነገ ወዲያ፣ እዚሁ። ከማርች መጀመሪያ ጀምሮ ጢም የተላጨ የለም፣ ፍልሚያው ሳያልቅ መላጨት ገደቢስነት ነው፤ መልበሻ ክፍሉ የመነኮሳት ገዳም መስሏል። የከተማው ዳቦ ጋጋሪ ሳይቀር አሳድጓል።

ምክትሌ ኢግናት እያስነጠሰ ነው። ሻይ ጠጣ አልኩት።

ማርች 27

ወረድን።

እጄ…

ማርች 28

ልጻፈው። ለማንም አላሳይም፣ ልጻፈው።

ኢግናት በትኩሳት ተኝቶ ቀረ። ተከላካዮቹን የሚያስገባና የሚያስወጣ እሱ ነበር፤ እኔ አጥቂዎቹን። ትናንት ሁለቱንም ያዝኩ። ከአግዳሚው ጀርባ ቆሜ ትከሻ እነካለሁ፤ የተነካው አጥሩን ዘሎ በረዶው ላይ ይገባል። ሥራው ይኸው ነው። ስንት ሺህ ትከሻ ነክቼ ይሆን? አንዲት ሕግ አለች፦ የሚወጣው ሰው ሁለቱም እግሩ አጥሩ ጋ ሳይደርስ የሚገባውን አትንካ። እኔው ነኝ የማስተምራት።

ሁለት ለሁለት። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቀርቷል። ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። አንዱ ተከላካይ ደክሞት ወደ እኛ ዞረ። አየሁት፣ ሲዞር። ብላዤይን ነካሁት። ጎማዋ፣ በዱላ የምንመታት ጥቁር ክብ፣ ደግሞ ተመትታ ወደዚያው ሰው መጣች፤ እሱም ጥሏት ሊወጣ አልቻለም፣ ተመለሰ። ብላዤይ ግን ገብቷል። ከበረኛው ሌላ አምስት መሆን ሲገባን ስድስት ሆንን። ፊሽካ። ሁለት ደቂቃ ቅጣት፣ አንድ ሰው ጎድለን። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ሲቀር ሉካቫዎች አገቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጸጥታ… አራት ሺህ ሰው እንደዚያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

መዳፌ ላይ የማሊያው እርጥበት እስከ አሁን ያለ ይመስለኛል። ሦስቴ ታጠብኩ።

ጋዜጠኞቹ ጠየቁኝ። «ብላዤይ ሊፕታክን ማን አስገባው? ራሱ ዘሎ ነው የገባው?» ካሜራው ጎማዋን ሲከተል ነበር፤ የሚታየው ብላዤይ አጥሩን ሲዘል ብቻ ነው። የእኔ እጅ አይታይም። እኔም፣

«አግዳሚው ላይ የሆነ አግዳሚው ላይ ይቀራል» አልኩ።

የሁላችንም ሕግ ነው፣ ያደግንበት። ስናገረው ሕጉን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር። ወይስ አልመሰለኝም?

ብላዤይ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታል። ቀና ብሎ አየኝ። ወደ ማሰሪያው ተመለሰ። ጢማቸውን የተላጩት ዛሬ ጠዋት ነው፣ ሁሉም። እኔ ምላጩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

ኤፕሪል 2

ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ እጄን ጨበጠኝ፣ ያንኑ እጅ።

«ጨዋ ሰው ነዎት። ሌላው ቢሆን ስሙን ጠርቶ ያዋርደው ነበር። እርስዎ ሸፈኑት።»

ሸፈንኩት! አመሰግናለሁ አልኩ። ምን ሆኜ ነው አመሰግናለሁ ያልኩት? ዳቦውን ረስቼ ወጣሁ።

ብላዤይን «ስድስተኛው» ይሉት ጀምረዋል። የመጨረሻ ዓመቱ ስለሆነ ጀግና ሆኖ ሊጨርስ ፈልጎ፣ ሳይጠራ ዘሎ ገባ… ከተማው የሚያወራው ይኼንን ነው።

ኤፕሪል 10

ክላችኮ ጠራኝ። የሁለት ዓመት ውል ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ተጫዋቹን አሳልፎ የማይሰጥ ሰው ነው የምፈልገው። አንተ ትመልሰናለህ» አለኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ስለ ምክትሌ ደመወዝ ጠየቅኩት። ፈረምኩ።

የብላዤይ ውል አልታደሰም። «ሕዝቡ አይፈልገውም» አለ ክላችኮ፣ ትከሻውን ነቅንቆ።

ሆድ ይፍጀው አልኩ። እየፈጀው ነው።

ኤፕሪል 17

የፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ። ወንዶቹ ከጠዋት ጀምሮ ባልዲ ይዘው ሴቶቹ ላይ ውሃ እያፈሰሱ ይዞራሉ። እኔ የማፈስባት የለችም። ራድካ ብርኖ ከተማ ናት፣ ሥራ በዛብኝ አለች።

አምስት ሰዓት ግድም በሬ ተንኳኳ። ወይዘሮ ኤርና፣ ጎረቤቴ። ማዘጋጃ ቤት ሆና በየምሰሶው ባለው ድምፅ ማጉያ ለከተማው ማስታወቂያ የምታነብ እሷ ናት፤ ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኗታል። በአሮጌ ጋዋን፣ ፎጣ በትከሻዋ ይዛ።

«አቶ ቬንዴሊን፣ ትንሽ ረጨት እንኳ አያደርጉኝም? ውሃ ያልነካት ሴት ዓመቱን ሙሉ እንደምትደርቅ አያውቁም? እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ ብደርቅ እሰበራለሁ።»

በሾርባ ማንኪያ ጸጉሯ ላይ ጠብ አደረግኩላት። እንደ ልጅ ጮኸች። የተቀባ እንቁላልና ኬክ ሰጠችኝ። ከዓመቱ ያማረችዋ ቀን ልትሆን ነበር። ከዚያ ደረጃው ላይ ዞር ብላ፣

«ጢምዎን ይላጩ እንጂ፣ ኀዘኑ ይብቃ። ያ ስድስተኛው ነው ማዘን ያለበት። እሱማ ተላጭቶ ይንጎማለላል!»

በሩን ዘጋሁ። ኬኩን ሳልቀምስ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።

ሜይ 6

ሄድኩ። አንድ ወር ከአሥር ቀን ፈጀብኝ። በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።

ብላዤይ ግቢው ውስጥ እንጨት ይደረድራል። የሚስቱ የዝላታ የጸጉር ቤት መስኮት ላይ አንድ ሰው በቀይ ቀለም ትልቅ ስድስት ቁጥር ጽፏል፤ ፈትገውታል፣ ግን ይታያል። ውስጥ ደንበኛ አልነበረም። ዝላታ ስታየኝ መጋረጃውን ዘጋች። ታውቃለች ማለት ነው? አታውቅም መሰለኝ። ሁሉንም ነው የምትዘጋው።

«አሰልጣኝ፣ ይቀመጡ። ግንዱ ደረቅ ነው።»

ቁጭ አልኩ። እሱ መደርደሩን አላቆመም።

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«እርስዎስ?»

ወፍ ጮኸች።

«በዘጠኝ ዓመቴ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?» አለኝ። «ትከሻህ ከተነካ አትጠይቅ፣ አትይ፣ ግባ። ሃያ ሰባት ዓመት አልጠየቅኩም።»

«ጋዜጠኞቹ ሲጠይቁኝ…»

«አግዳሚው ላይ የሆነ አግዳሚው ላይ ይቀራል። ሰማሁ። እኔም ያንኑ ነው ያደረግኩት።» አንድ ፍልጥ አነሳ፣ አገላብጦ አየው። «ውል ፈረሙ አሉ።»

«ፈረምኩ።»

«ጥሩ ነው። እኔ ዝላታ አለችኝ፣ እጅ አለኝ፣ እሠራለሁ። እርስዎ ያለ በረዶ ምን ይሆናሉ?»

ሊሰድበኝ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሜይ 7

አዘነልኝ። ለዚህ ነው ዝም ያለው። አዘነልኝ!

ጁን 3

በረዶውን አቀለጡ። ሁልጊዜ ቆሜ አያለሁ። መጀመሪያ ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቀይና ሰማያዊ መስመሮቹ ይሟሟሉ፣ መጨረሻ ላይ ሲሚንቶ። ያን ሁሉ ሰው ያስለቀሰው ነገር ይኼው ነው፣ ሲሚንቶ። ውሃው ወደ ቦዩ ሲወርድ ድምፁ እንደ ሽንት ቤት ነው። ብቻዬን ሳቅኩ።

ጁን 18

የከተማው ቀን። የነፋስ መሣሪያ ባንድ፣ ቋሊማ፣ ቢራ። ከንቲባው መድረክ ላይ ጠራኝ። ጽሑፍ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ሰጠኝ፦ «ለስፖርታዊ ጨዋነት፣ ቬንዴሊን ድሩጋ»። ማይክሮፎኑን አስጠጋልኝ።

አሁን፣ አልኩ በልቤ። አሁን።

«ለሁላችሁም ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። አጨበጨቡ። ወረድኩ።

ሰሌዳውን ምድጃ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁት። ጋግሬ አላውቅም፣ አላየውም።

ጁን 25

ዝላታ ጸጉር ቤት መስኮት ላይ «ይከራያል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ኤርናን ጠየቅኳት። ዝላታ እናት ዘንድ ሊሄዱ ነው አለች፣ ወደ ምሥራቅ፣ በጁላይ መጨረሻ። «ምን ያድርጉ፣ ልብስ ስታሰጣ እንኳ ስድስት እያሉ ይቆጥሩላታል።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሦስት ወር አደረ። ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር እንዴ፣ በራሱ እንዲጠራ? ይህ ሰው ከተወለደበት ከተማ በእኔ እጅ ሊባረር ነው።

በጋዜጣ? ጋዜጠኛ ይጨምርበታል፣ ይቀንስበታል። በመድረክ? መድረክ ላይ የሆንኩትን አይቻለሁ። ማንም የማይስተው፣ እኔም አፌን መክፈት የማይኖርብኝ መንገድ… አንድ አለ።

ጁን 27

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ኤርና ከትንሽዋ መስኮት ኋላ ተቀምጣለች፣ ማይክሮፎኑ ላይ ሹራብ አልብሳዋለች፣ አቧራ እንዳይገባው።

«ማስታወቂያ? ሽያጭ ነው፣ ቀብር ነው፣ የጠፋ ዕቃ?»

«የጠፋ ዕቃ።»

«ምን ጠፋዎ?»

ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበች። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ እንደገና አነበበች።

«ዳቦ ቤት ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ ስድስተኛው ብዬዋለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ፋሲካ ዕለት ውሃ ሲረጩኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ባልዲውን ሙሉ በደፋሁብዎ ኖሮ!» ከዚያ ድምፇን ዝቅ አድርጋ፣ «ክላችኮ ያባርርዎታል እኮ።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ለነገ ነው። ከዶሮ ሽያጩ ቀጥሎ። ዶሮዎቹ ቀድመው ከፍለዋል።»

ጁን 28

አሥር ሰዓት ተኩል። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆምኩ፣ ድምፅ ማጉያው የተሰቀለበት ምሰሶ ሥር። ቤት ሆኜ መስማት ፈሪነት መሰለኝ። ስምንት ሰው ያህል አውቶቡስ ይጠብቃል። መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው ያ አሮጌ የሠርግ ዘፈን፣ መሃሉ ላይ የሚንተባተበው። ከዚያ ኤርና፣ በዚያች የዶሮ ድምፇ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፦

«የተከበራችሁ የቦሮቪና ነዋሪዎች። ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት እንቁላል መጣል የጀመሩ ዶሮዎች ይሸጣሉ፣ ቀይና ጥቁር። አቶ ቬንዴሊን ድሩጋ የሚከተለውን ያስታውቃሉ። ማርች 27 ቀን ብላዤይ ሊፕታክ ወደ በረዶው የገባው እኔ ትከሻውን ስለነካሁት ነው። ጊዜው ሳይደርስ ነካሁት። እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ሦስት ወር ዝም ያልኩት ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው። እስከ ኦገስት ድረስ በላይኛው መንገድ ውሃ በፈረቃ ይሆናል። እደግማለሁ።»

ደገመችን፣ ዶሮዎቹንም እኔንም።

አውቶቡሱ መጣ። ማንም አልተሳፈረም። ሾፌሩ በር ከፍቶ «ምንድነው፣ ማን ሞተ?» አለ። አንዲት ሴትዮ ምራቋን እግሬ አጠገብ እንትፍ አለች። አንዱ ጎረምሳ ሳቀ። ሌሎቹ ምሰሶውን አዩት፣ እኔን አላዩኝም። ቤቴ ገባሁ። ጢሜን ተላጨሁ። መስታወት ውስጥ ያለው ሰውዬ አርጅቷል፣ ግን አወቅኩት።

ጁን 29

ክላችኮ አልጮኸም። ውሉን ለሁለት ቀደደ፣ መጋዝ ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። «ቢያንስ ለእኔ ቀድመህ ብትነግረኝ። ከዶሮ ጋር!» አለ። «ከዶሮ ጋር፣ ቬንዴሊን!»

ሰሌዳውን ለከንቲባው መለስኩ። ምድጃው ባዶ ሆነ።

ጁን 30

ብላዤይ ደወለ። ደስ ብሎኝ አነሳሁ፣ ጅል።

«ማን ጠየቀዎት?»

«ብላዤይ…»

«እኔ ጠየቅኩዎት? ሦስት ወር የተሸከምኩትን ከዶሮ ጋር አወጁት። ዝላታ ከሰማች ጀምሮ ፊቷን አዙራብኛለች። እኔንስ እንዴት ዋሸኸኝ ትላለች። ትክክል ናት። ዝም ካልኩ እሷንም ዋሽቻለሁ። እርስዎ በሦስት ደቂቃ ንጹሕ ሆኑ!»

ዘጋው። ትክክል ነው። በማርች ቢሆን ስጦታ ነበር፤ በጁን ዕዳ መክፈል ነው፣ እሱም ዘግይቶ።

ጁላይ 9

የቤቴ በር ላይ የበሰበሰ ቲማቲም። ጠረግኩት። ሁለተኛ ጊዜ ሲጣል ኤርና ቀድማኝ ጠርጋለች። ባልዲዋ በሩ ላይ ነበር።

ኦገስት 4

በረዶ መሥራት ጀመሩ። መስኮቴ ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ነው፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ሲነሳ ብርጭቆዎቼ ይንቀጠቀጣሉ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ መጀመሪያውን ውሃ ሌላ ሰው ሲረጭ ይህ የመጀመሪያው ነው። ኢግናት ነው አዲሱ አሰልጣኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ብቻ ሻይ አይጠጣም።

ያለ በረዶ ምን እሆናለሁ? ይኸው። መስኮት ላይ የቆመ ሰው።

ኦገስት 22

«ይከራያል» የሚለው ወረቀት ተነሥቷል። መስኮቱ አዲስ ነው። ዝላታ አንዲት አሮጊት ጸጉር ላይ ጎንበስ ብላ ትቆርጣለች፣ ሦስት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ ኤርና ናት! ሰባት ዓመት ራሷ የምትቆርጠውን ጸጉር…

በሩቁ አልፌ ሄድኩ። ብላዤይና ዝላታ አልሄዱም። ቀሩ። መንገድ ላይ ቆሜ አፍንጫዬን ተናፈጥኩ፣ ጉንፋን ይመስል።

ሴፕቴምበር 15

ብላዤይ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ኤርና ነገረችኝ። እስከ ብርዱ ወራት መጨረሻ በረዶ ላይ አይወጣም። የ«ምሕረት ይምጣልህ» ካርድ ገዛሁ፣ አልላክሁትም።

ኦክቶበር 20

የስሜ ቀን። አምና ስታዲየሙ ሁሉ «ቬንዶ፣ ቬንዶ» ሲል ነበር። ዘንድሮ ኤርና የፖም ኬክ ይዛ መጣች፣ እሱንም በምድጃዬ አሞቀችው። «ምድጃዎ አዲስ ነው፣ ምን ሲከቱበት ነበር?» አለች። ልነግራት ስል ሳቄ አሸነፈኝ፤ ነገርኳት፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ራድካ ደወለች፣ አርብ ነው፣ እሁድ አይደለም። ማስታወቂያውን አንድ ሰው ቀድቶ ልኮላታል። «አባዬ፣ ሦስቴ ሰማሁት» አለች። ስልኩን አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም።

ኤርናን ልሸኝ በሩን ስከፍት ወለሉ ላይ የማዕድን ውሃ ጠርሙስ። ማዕድን ውሃ አይደለም። አሸተትኩት። የፕሪም አረቄ።

ወረቀት የለውም። አያስፈልገውም።

ኖቬምበር 12

አረቄውን አልከፈትኩትም። ብቻዬን አልከፍተውም።

ዲሴምበር 17

እሁድ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ፣ ብላዤይ። «አሰልጣኝ፣ የሽማግሌዎቹ ቡድን አንድ ተከላካይ ጎድሎበታል። ጫማዎን ይዘው ይምጡ።» ሌላ ቃል የለም። ብላዤይ እየተጫወተ አይደለም፣ በከዘራ ነው የሚሄደው፤ እሁድ እሁድ ከአግዳሚው ጀርባ ቆሞ የሚያዝ እሱ ሆኗል። ያን አላውቅም ነበር።

ጫማዬን ፈልጌ አወጣሁ። ማሰሪያው ደርቋል። ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ስገባ መልበሻ ክፍሉ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ዳቦ ጋጋሪው፣ የአውቶቡሱ ሾፌር፣ ክላችኮ ራሱ በትልቅ ቦርጩ ላይ ማሊያ ሊያወርድ ሲታገል። ክላችኮ ቀና ብሎ አየኝና፣

«ዶሮ ይዘህ መጣህ?»

ሳቁ። ሁሉም። እኔም። ጠርሙሱን አወጣሁ። ብላዤይ ደጃፉ ላይ በከዘራው ቆሟል። ሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ፣ አንዱ ሞልቶ ፈሰሰ። ሃያ ሰባት ዓመት የዘገየ ነገር እንዴት ይባላል? እንዲሁ አልኩት።

«ቬንዶ በለኝ። አንተ በለኝ።»

ብርጭቆውን አየው። አየኝ። አይሆንም የሚለኝ መስሎኝ ነበር… አጋጨ። ጠጣ። ጨበጠኝ፣ በዚያው እጄ።

«ለማላገጥ እንኳ ጊዜ የለም፣ ሰውነትህን አሟሙቅ፣ ቬንዶ» አለኝ።

አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ ረስቼው ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ከኋላው ቆሜ ነው፣ ቁጭ ብዬበት አላውቅም። ብላዤይ ከኋላዬ ነው፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ሾፌሩ ደክሞት ከበረዶው ወደ እኛ ዞረ፣ እያለከለከ። ጎማዋ ወዲያ ማዶ ናት። አሁን ይነካኛል ብዬ ተነሣሁ። አልነካኝም። ሾፌሩ አንድ እግሩ ደረሰ። አልነካኝም። ሁለተኛው እግሩ አጥሩን ሲመታ ሰማሁ።

ያኔ እጁ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ከባድ እጅ ነው።

አልጠየቅኩም። ገባሁ።